የአካል ብቃት ምዘና ምንድን ነው? የሚወደቅበት ፈተና አይደለም

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ቪዲዮ ደረሰኝ። ልጁ ጂም የገባበት የመጀመሪያ ቀኑ ነው። ጫማውን እንደቀየረ 50 ቡርፒ ታዘዘ፤ መሬት ላይ ተዘርግቶ እየተነሡ መዝለል ማለት ነው። 30 ሳይሞላ ወለሉ ላይ ተዘረረ። አሰልጣኙ ስልኩን ፊቱ ላይ አስጠግቶ «ምዘናውን ወድቀሃል» ይለዋል፤ ዙሪያው ይስቃል። እኔን አላሳቀኝም። ደሴ ላይ ሰው ሳሰለጥን ዓመታት ተቆጥረዋል። እንዲህ ተብለው በዚያው የቀሩ ሰዎች አውቃለሁ።

ምዘና አይወደቅም፤ አይታለፍምም።

ማሟሻን አስቧት። ምጣዱ ሲጣድ የምትወጣዋን የመጀመሪያዋን እንጀራ ማለቴ ነው። ዓይን ባታወጣ ወይም ጠርዟ ቢያር እናቶቻችን ሊጡን አይሰድቡም። «ምጣዱ ገና ነው» ወይም «እሳቱ በዛ» ይላሉ። እንጨቱን ገፋ ወይም ሳብ አድርገው ሁለተኛዋን ይጋግራሉ። ምዘናም ለአሰልጣኙ ማሟሻ ነው። እሳቱን ምን ያህል ላድርገው ለሚለው መልስ የሚሰጠው እሱ ነው። ማሟሻዋን ሳያይ እሳት የጫነ ሰው ሊጡን ሙሉ ያሳርረዋል። በሁለተኛው ሳምንት ጉልበቱን ይዞ እያነከሰ የሚመጣው ሰልጣኝ እንደዚያ የተጋገረ ነው። ማሟሻን ደግሞ ማንም ለእንግዳ አያቀርባትም፤ የሰውን የመጀመሪያ ቀን ቀርጾ መልቀቅም ያው ነው።

አንዱ «እስከ ጥግ ካልገፋኸው አቅሙን በምን ታውቃለህ?» ብሎ ሞገተኝ። ደህና ጥያቄ ነው፤ መልስም አለው። 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ደረጃ አምጣ። ሰውየው በደቂቃ 24 ጊዜ እየወጣና እየወረደ 3 ደቂቃ ይሥራ። ወዲያው ይቀመጥ፤ አንድ ሙሉ ደቂቃ የልብ ምቱን ቁጠር። በቃ። የበረታ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ይረጫል። ስለዚህ ለዚያው ሥራ ጥቂት ምት ይበቃዋል። ከስምንት ሳምንት በኋላ በዚያው ደረጃ፣ በዚያው ፍጥነት ቁጥሩ ከወረደ ሥራው ይዟል ማለት ነው። ማንም አልተዘረረም። አሜሪካዊው ሐኪም ኬነዝ ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1968 ያስተዋወቀው፣ በ12 ደቂቃ የተሮጠውን ርቀት የሚለካው ሩጫስ? ጥሩ መለኪያ ነው፤ ግን በአሜሪካ አየር ኃይል ወታደሮች ላይ የተሞከረ ነው። አሥር ዓመት ወንበር ላይ የከረመ የቢሮ ሰው ላይ በመጀመሪያው ቀን አይጫንም።

ቁጥሩን ከኢንተርኔት ሠንጠረዥ ጋር አስተያይቶ «ደካማ ነህ» ማለትም ሌላው ጥፋት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። ስለዚህ ኦክስጅኑም በዚያው ልክ ይሳሳል። ከጅዳ የተመለሰች እህታችን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልቧ ቢፈጥን ስንፍና አይደለም፤ ደሟ ገና ከአየሩ ጋር አልተላመደም። አንዱን ምዘና ደሴ፣ ሌላውን 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ኮምቦልቻ ወርዶ ሠርቶ «ተሻሻልኩ» ማለትም ያሳስታል። ማሟሻዋ ሌላ ምጣድ ላይ ተጋገረች።

ሌላም አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካውን ጠጥቶ የመጣ ሰው የደም ግፊቱ ወዲያው አይለካም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፣ 5 ደቂቃም ዝም ብሎ ይቀመጥ። ጫትም የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ሳላፍር እጠይቃለሁ። በረመዳን ወይም በሁዳዴ የመዘንኩትን ከፍስክ ቁጥር ጋር አላወዳድርም። አንዳንድ የግፊትና የልብ መድኃኒቶች ምትን ዝቅ ያደርጋሉ። እነሱን በሚወስድ ሰው የደረጃው ቁጥር ያታልላል። የልብን ከፍተኛ ምት ለመገመት «220 ሲቀነስ ዕድሜ» የሚባለው ቀመርም አማካይ እንጂ የእናንተ ልብ አይደለም። ዕድሜያቸው እኩል በሆነ ሁለት ሰዎች መካከል ከ10 ምት በላይ ልዩነት የተለመደ ነው።

ደረጃውም ሆነ ሜትሩ ከመውጣቱ በፊት ጥያቄ አለ። ስትንቀሳቀስ ደረትህን ያምሃል? ራስህን ስተህ ታውቃለህ? ሐኪም ስለ ልብህ የነገረህ ነገር አለ? ከነዚህ አንዱ «አዎ» ከሆነ ጉዳዩ መጀመሪያ የሐኪም ነው። እኛ በሽታ አንመረምርም።

አንዲት የ62 ዓመት እናት ልጃቸው ይዛቸው መጡ። ነጠላቸውን አጣጥፈው ቦርሳቸው ላይ አኖሩና «እኔ እንኳ ለዚህ አልሆንም» አሉኝ። «አብሽሩ እናቴ» አልኳቸው። ወንበሩን ግድግዳ አስደግፌ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣመሩ። በ30 ሰከንድ ውስጥ 9 ጊዜ ተነሥተው ተቀመጡ። ሰባተኛው ላይ እጃቸው ወደ ጭናቸው ሸርተት ሊል ሲል መልሰው ያዙት። ከ60 እስከ 64 ዓመት ላሉ ሴቶች ከ12 በታች ዝቅተኛ ይባላል። ሲጨርሱ «አለፍኩ?» ብለው ጠየቁኝ። ልቤ የተነካው እዚህ ላይ ነው። «ማለፍ የለም፤ ከየት እንደምንጀምር አወቅን» አልኳቸው። የጀመርነውም ከዚያው ወንበር ነበር። ትራስ ደርበንበት ከፍ አደረግነው፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ዝቅ እያልን ሄድን። ከስምንት ሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጫማ 13 ሆነ። ያን ጊዜ ስለ ማለፍ አልጠየቁኝም። «ትራሱን አሁን ልውሰደው?» አሉኝ፤ ከቤት ያመጡት እሳቸው ነበሩ።