አውቶፓክ፦ የማኒቶባ የመኪና መድን ሕግና ዋጋ

በካናዳ ማኒቶባ ክፍለ ሀገር መኪና ያለው ሰው ሁሉ መሠረታዊውን መድን የሚገዛው ከአንድ ድርጅት ነው፤ የድርጅቱም ባለቤት ሕዝቡ ነው። ስሙ ማኒቶባ ፐብሊክ ኢንሹራንስ ይባላል፤ መድኑ የሚታወቀው ግን አውቶፓክ በሚለው ስም ነው። ቶሮንቶ ወይም ካልጋሪ የሚኖር ዘመድ አዲስ ገቢውን «ሦስት አራት ኩባንያ ደውለህ ሳታወዳድር እንዳትፈርም» ብሎ ይመክረዋል። ምክሩ እዚያ ትክክል ነው፤ በማኒቶባ ዋና ከተማ በዊኒፔግ ውስጥ ግን ለመሠረታዊው መድን የሚደወልለት ሁለተኛ ኩባንያ የለም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

አመጣጡ

የመኪና መድንን በመንግሥት እጅ በማስገባት በሰሜን አሜሪካ ቀዳሚዋ ጎረቤቷ ሳስካችዋን ናት፤ በቶሚ ዳግላስ ዘመን፣ በ1940ዎቹ አጋማሽ። ማኒቶባ የተከተለችው ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይታ ነው። በ1969 የኤድ ሽራየር ኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥልጣን ሲይዝ ከምክር ቤቱ 57 መቀመጫዎች ያገኘው 28ቱን ነበር። በዚህ ቀጭን ድምፅ ላይ ቆሞ ነው በ1970 የሕግ ረቂቅ ቁጥር 56ን ያቀረበው። የረቂቁ ፍሬ ነገር መሠረታዊው የመኪና መድን ከግል ኩባንያዎች ወጥቶ ወደ አንድ የሕዝብ ድርጅት ይግባ የሚል ነበር።

ተቃውሞው ከባድ ነበር። የመድን ወኪሎችና የቢሮ ሠራተኞች በሺዎች ሆነው ምክር ቤቱ ደጃፍ ላይ ተሰለፉ፤ እንጀራችን ሊቋረጥ ነው አሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም፤ ብዙዎቹ በየመንደሩ ትንሽ ቢሮ ከፍተው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። ረቂቁን ከመውደቅ ያዳኑት በተለይ ሁለት የምክር ቤት አባላት ናቸው፦ ከሊበራሎች ተለይተው መንግሥትን ይደግፉ የነበሩት የሴንት ቦኒፌሱ ላሪ ዴዣርደንና በግል ይቀመጡ የነበሩት የሰሜኑ ጎርደን ቤርድ። ከክርክሩ የወጣው ስምምነት ዛሬም ይታያል። መድኑ የሕዝብ ቢሆንም የሚሸጠው በግል ወኪሎች በኩል ስለሆነ፣ አውቶፓክ ለማደስ የሚሄድ ሰው ከድርጅቱ ይልቅ ወደ ሰፈሩ ብሮከር ይገባል። ሥራው የተጀመረው ኖቬምበር 1 ቀን 1971 ሲሆን፣ ጉዳዩን በኃላፊነት የያዙት ሚኒስትር ኋላ የማኒቶባ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ሃዋርድ ፓውሊ ነበሩ።

ከ1977 እስከ 1981 ያስተዳደረው የስተርሊንግ ላየን ወግ አጥባቂ መንግሥት አውቶፓክን ለግል አልሸጠውም።

1988 እና ያስከተለው

አውቶፓክን የመሠረተው ፓርቲ በአውቶፓክ ምክንያት ወደቀ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1988 መጀመሪያ ላይ አረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፈለው ዋጋ፣ በአንድ ጊዜ ሲጨምር ሕዝቡ ተቆጣ፤ መንግሥት ለፖለቲካ ሲል ዋጋውን ለዓመታት አፍኖ ይዞት ኖሯል የሚል ክስም ተነሣ። ማርች 8 ቀን ከራሱ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ከፓውሊ ፓርቲ የሴንት ቫይታሉ ጂም ዋልዲንግ በጀቱን ተቃውመው ድምፅ ሰጡ፤ መንግሥቱም 28 ለ27 ተሸንፎ ወረደ። ዋልዲንግ ያን ያደረጉት በመድኑ ዋጋ ነው ወይስ ከፓርቲያቸው ጋር በቆየ ቅሬታ የሚለው ዛሬም ያከራክራል። ያም ሆነ ይህ፣ ከዚያ ወዲህ መሠረታዊው አረቦን ሚኒስትር በፈለገው ቀን የሚቀየር መሆኑ ቀርቷል። ድርጅቱ ስሌቱን ይዞ የሕዝብ አገልግሎቶች ቦርድ ፊት ይቀርባል፣ ተከራካሪዎች ይጠይቁታል፣ ቦርዱ ይወስናል። ችሎቱ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የግል ኩባንያ ሒሳቡን እንዲህ ገልጦ ሲያሳይ የት ይታያል?

በዚያው ዓመት ዳኛ ሮበርት ኮፕስቲን የመሩት አጣሪ ኮሚሽን ለአካል ጉዳት ካሳ ጥፋተኛ መፈለግ ይቅር ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡን ሥራ ላይ ያዋለው የጌሪ ፊልመን ወግ አጥባቂ መንግሥት ነው፤ ማርች 1 ቀን 1994። አርአያው ከ1978 ጀምሮ ይሠራ የነበረው የኩቤክ ሕግ ነበር።

«ኖ ፎልት» የሚባለውን ይህን ሕግ ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ይረዳዋል። «ኖ ፎልት» ማለት ጥፋተኛ የለም ማለት ሳይሆን፣ የተጎዳ ሰው ሕክምናና ካሳ ለማግኘት ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይጠየቅም ማለት ነው። ፖርቴጅ ጎዳና ላይ ወደ ግራ ስትታጠፍ በበረዶ ተንሸራትተህ ከሌላ መኪና ብትጋጭ አንተም እርሱም ትታከማላችሁ። ከሥራ የቀረ ሰው ከመጀመሪያው 7 ቀን በኋላ የተጣራ ገቢውን 90 በመቶ፣ በሕግ እስከተወሰነው ጣሪያ ድረስ፣ ያገኛል። ቋሚ ጉዳት የደረሰበት የተወሰነ ክፍያ አለው፤ ትምህርቱ የተስተጓጎለበት ተማሪም እንዲሁ። በመኪና የተገጨ እግረኛና ብስክሌተኛም ይካተታል፤ የማኒቶባ ነዋሪ ደግሞ በሌላው ካናዳ ወይም በአሜሪካ ቢጎዳ ሽፋኑ አይለየውም። የግጭቱ ጥፋት ግን በአንተ ላይ ይመዘገባል፤ መንገዱ በረዶ ነበር ማለት አያድንም።

በምትኩ የተሰጠው ነገር ቀላል አይደለም፦ በማኒቶባ መንገድ ላይ የተጎዳ ሰው ለሥቃዩ ካሳ የገጨውን ከሶ ፍርድ ቤት መቆም አይችልም። ጠበቆችና አንዳንድ ተጎጂዎች ሕጉ ከባድ ጉዳት የደረሰበትን ሰው መብት ገፍቷል ይላሉ። በድርጅቱ ውሳኔ ያልተስማማ ሰው በ60 ቀን ውስጥ የውስጥ ግምገማ ይጠይቃል፤ ካልረካ በ90 ቀን ውስጥ ከድርጅቱ ነጻ ለሆነው ይግባኝ ሰሚ ኮሚሽን ያመለክታል። ለዚህ ጠበቃ መግዛት ግዴታ አይደለም፤ የተጎጂዎች አማካሪ ቢሮ በነጻ ይረዳል። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው እናትና አባት ያሉት ቤተሰብ ይህን ቢሮ አስቀድሞ ማወቁ ይበጀዋል።

በ2004 የመንጃ ፈቃድ ሥራም ለዚሁ ድርጅት ተሰጠ።

የመኪና ሌባ ዘመን

በ2000ዎቹ ዊኒፔግ በካናዳ በመኪና ስርቆት ስሟ የሚነሣ ከተማ ነበረች። የግል ኩባንያ ቢሆን ለሌባ የሚመቹትን መኪኖች አረቦን ሰቅሎ ይተወው ነበር። እዚህ ግን ሞተሩ ያለ ትክክለኛው ቁልፍ እንዳይነሣ የሚያደርገው መሣሪያ፣ ኢሞቢላይዘር፣ በነጻ እንዲገጠም ተደረገ፤ ከ2007 ጀምሮም ለስርቆት ይበልጥ ለተጋለጡት መኪኖች ግዴታ ሆነ። ፖሊስም ልማደኛ ሌቦችን በቅርብ መከታተል ያዘ፤ ስርቆቱም በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ ቀነሰ።

ሽፋኑና ዋጋው ዛሬ

ታርጋና መድን አብረው ነው የሚወጡት፤ መድን ያልገዛ ታርጋ አያገኝም። ከ2021 ጀምሮ መሠረታዊው መድን ለሦስተኛ ወገን 500,000 ዶላር ይሸፍናል፣ የራስን መኪና ጉዳትና ስርቆት እስከ 70,000 ዶላር ዋጋ ድረስ ያካትታል፣ ባለመኪናው ከራሱ የሚከፍለው ዲዳክቲብል ደግሞ 750 ዶላር ነው። የአገር ቤቱ አስገዳጅ መድን የሦስተኛ ወገን ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ የመጣ ሰው የራሱ መኪና ግዴታው ውስጥ መግባቱ ያስገርመዋል። ዲዳክቲብሉን ዝቅ፣ የሦስተኛ ወገኑን ከፍ ማድረግ ተጨማሪ ክፍያ አለው። ዘመድ ጥየቃ በመኪና ወደ ሚኒያፖሊስ የሚወርድ ሰው የሦስተኛ ወገኑን ከፍ ሳያደርግ ድንበር ባይሻገር ይሻላል፤ ኖ ፎልቱ አሜሪካ ላይ ከመከሰስ አያድንም።

አረቦኑ የሚወሰነው በመኪናው ዓይነትና ሞዴል፣ በመኖሪያው ክልል፣ መኪናው ለምን እንደሚያገለግል እና በባለመኪናው የመንዳት ደረጃ ነው። ዕድሜ፣ ጾታ፣ ማግባት አለማግባት አይጠየቅም። የ19 ዓመት ልጅና የ50 ዓመት ሰው ሌላው ነገር ሁሉ እኩል ከሆነ እኩል ይከፍላሉ፤ ኦንታሪዮ ያለ ወጣት ይህን ቢሰማ አያምንም። የማኒቶባ ዋጋ በካናዳ ከርካሾቹ አንዱ ነው፤ የግል መድን ሰጪዎች ማኅበር ንጽጽሩን ይሞግታል።

የመንዳት ደረጃው ከዜሮ ይጀምራል። ንጹሕ ዓመት አንድ ደረጃ ያስወጣል፣ ጥፋተኛ የሆኑበት ግጭት አምስት ያወርዳል። 10ኛ ደረጃ የደረሰ ሰው በአንዲት የፓርኪንግ ግጭት ወደ 5 ይወርድና የነበረበት ለመመለስ አምስት ዓመት ይፈጅበታል። ከፍተኛው ላይ ያለ ከአረቦኑ ከሲሶ ያላነሰ ይቀነስለታል፤ ታች ኔጌቲቭ 20 ላይ ያለ ደግሞ ለመንጃ ፈቃዱ ብቻ በዓመት ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ይከፍላል። በሀይዌይ ላይ አጋዘን መግጨት ደረጃ አይነካም። ቅናሹ የሚታየው በተመዘገበው ባለቤት ደረጃ ሲሆን፣ ልጅ በአባቱ መኪና ሲያጠፋ የሚወርደው የልጁ ደረጃ ነው። ይህ ፍትሐዊ ነው ወይ የሚለው በቦርዱ ፊት ተነሥቷል።

ትርፍ ሲኖር ተመላሽ ይደረጋል፤ በ2020 በኮሮና ጊዜ መንገዱ ጭር ሲል 110 ሚሊዮን ዶላር ለደንበኞች ተመልሷል።

ለአዲስ ገቢና ለባለታክሲ

የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ በቀጥታ አይለወጥም፤ የጽሑፍና የመንገድ ፈተና አለው። የእድሳት ቀን የሚቆጠረው ከልደት ቀን አራት ወር ያህል በኋላ ነው። በስደት ወረቀታቸው ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተጻፈላቸው ብዙ ወገኖቻችን ስለዚህ ሁሉም ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ብሮከር ቤት ይገናኛሉ። በወር በወር መክፈል ይቻላል።

በመኪናው ሰው ጭኖ ለመሥራት የሚያስብ በግል መድኑ መውጣት የለበትም። ከ2018 ጀምሮ ለዚህ ሥራ የተለየ መድን አለ፤ ቀኑና ሳምንቱ በአራት የሰዓት ክፍሎች ተከፋፍሎ፣ ሾፌሩ የሚሠራባቸውን መርጦ ለእነርሱ ብቻ ይከፍላል። ኡበር ይህ አሠራር አልተስማማውምና ዊኒፔግ የገባው በ2020 ነው። ከመረጠው ሰዓት ውጭ ተሳፋሪ የጫነ ሾፌር ቢጋጭ ለመኪናው ጉዳት የሚጠይቀው ካሳ ችግር ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ የሥራ ሰዓቱን የሚቀይር ሰው መጀመሪያ ብሮከሩ ጋ ሄዶ ያስለውጥ።