ጠቅላላ ኮሌስትሮል 215፦ ልደንግጥ?

አዘዞ የምትኖር አክስቴ የላብራቶሪ ወረቀቷን ይዛ መጣች። «ጠቅላላ ኮሌስትሮል 215» ይላል። ከ200 በላይ ስለሆነ ደንግጣለች። ጎረቤቷም «የዓሣ ዘይት እንክብል ግዢ» ብላታለች።

ጠቅላላ ማለት ድምር ነው። ከሚደመሩት አንዱ ኤልዲኤል የሚባለው የኮሌስትሮል ዓይነት ነው፤ ሲበዛ የደም ሥር ግድግዳ ላይ እየተጠራቀመ የሚያጠበው እሱ ነው። ኤችዲኤል ደግሞ ትርፉን ወደ ጉበት ይመልሳል። ትራይግሊሰራይድ ከሚባለው ሌላ የደም ስብም አምስተኛው እጅ ይደመራል። የአክስቴ ኤችዲኤል 75፣ ትራይግሊሰራይዷ 100 ነው። ከ215 ላይ 75 እና 20 ሲቀነስ ኤልዲኤሏ 120 ገደማ ይሆናል። ኤችዲኤሉ 35 የሆነ ሰው ግን፣ ያው 215 እና ያው ትራይግሊሰራይድ ይዞ፣ ኤልዲኤሉ 160 ይደርሳል። ድምሩ አንድ፣ ነገሩ ሌላ! ለልብ ሕመም ስጋት ደግሞ ግፊት፣ ስኳር፣ ዕድሜና ሲጋራም ይታያሉ።

እንክብሉስ? የዓሣ ዘይት በዋናነት የሚቀንሰው ትራይግሊሰራይድን ነው፤ ኤልዲኤልን አይደለም። ለኤልዲኤል የአጃ ገንፎ ይሻላል፤ ለውጡ መጠነኛ ቢሆንም። ቅቤውን ግን ቀነስ ማድረግ ነው፣ አክስቴ። ስታቲን የሚባለው የኮሌስትሮል መቀነሻ መድኃኒት የታዘዘለት ሰውም መድኃኒቱን ትቶ በእንክብል እንዳይተካው አደራ።