የጤና አገልግሎትና የፖለቲካ ክርክር በአዲስ አበባ ዳርቻዎች

በቱሉ ዲምቱ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በየካ አባዶና በጀሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ሺህ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ተሠርተው ሰው ገባባቸው። ጥቁር አንበሳን፣ ጳውሎስን፣ ዘውዲቱን፣ ምኒልክንና የካቲት 12ን የመሳሰሉት ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች ግን ከእነዚህ ሰፈሮች ሩቅ ናቸው። በደቡብ በኩል በቻይና ድጋፍ የተገነባው ጥሩነሽ ቤጂንግ፣ በምሥራቅ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን የኮቪድ ሕሙማን የተቀበለው ኤካ ኮተቤ ብዙ ሰው ይደገፍባቸዋል። መንግሥት በጤናው ዘርፍ ሠራ ወይስ አልሠራም የሚለው ክርክር በዳርቻው የሚጀምረው ከዚህ ርቀት ነው።

የመንግሥት ደጋፊዎች ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ1992 ዓ.ም. 166 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 67 ሆነዋል። የእናቶች ሞትም ከ100,000 ወሊድ ከ871 ወደ 412 ወርዷል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30,000 በላይ ሠራተኞችን፣ አብዛኞቹን ወጣት ሴቶች፣ ወደ ኅብረተሰቡ አሰማርቷል። ለከተማ ደግሞ ነርሶች ተመድበው ቤት ለቤት ዞረዋል። የኢሕአዴግ ዘመን ደጋፊ ይህን በኩራት ያነሳል፤ የብልጽግና ደጋፊ የጤና መድንን መስፋፋትና አዳዲስ ሕንፃዎችን ይጨምራል። ይህን ሁሉ ባዶ ፕሮፓጋንዳ ነው የሚል ተቃዋሚ በክትባት የተረፉትን ልጆች እየካደ ነው።

ቁጥሩ ግን ሌላም ይናገራል። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱ ጨቅላዎች በ2008 ዓ.ም. በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 29 ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. ጥናት 33 ሆነው ተመዝግበዋል። ጨቅላን ለማትረፍ ኦክስጅን፣ ሌሊት የሚገኝ ባለሙያና ቶሎ የሚደርስ አምቡላንስ ያስፈልጋል። ምጥ ሌሊት የያዛት የዳርቻ እናት የምትፈተነውም እዚህ ላይ ነው።

ሌላው የክርክር ማዕከል ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሙከራው ተጀምሮ በኋላ አዲስ አበባ ደርሷል። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችለው መንግሥት ይሸፍንለታል። አባሉ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ ካስፈለገ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ሆስፒታል ያልፋል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ድሃ ታሞ ንብረቱን እንዳይሸጥ ያደርጋል። ቅሬታው የሚነሳው መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ሲባል ነው። መዋጮውን አስቀድሞ የከፈለ ሰው ሁለተኛ ሲከፍል፣ የተቃዋሚን ንግግር ሳይሰማም በመንግሥት ላይ ያለው እምነት ይሸረሸራል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኦሮሚያ ክልል ሥር ያለው ሸገር ከተማ አዲስ አበባን ዙሪያዋን ከቧታል፤ የመድን ምዝገባ በወረዳ ስለሆነ፣ በድንበሩ ግራና ቀኝ ያሉ ጎረቤታሞች የተለያየ አስተዳደር ደጅ ይጠናሉ።

ክርክሩ ይበልጥ የከረረው በግንቦት 2017 ዓ.ም. ነው። የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ፣ የዱቲ (የተረኝነት) ክፍያና የራሳቸውን ሕክምና ጥያቄ አንስተው በየቦታው ሥራ አቆሙ። መንግሥት አድማውን ሕገ ወጥ አለው፤ የታሰሩም ነበሩ። አድማ ታካሚን ይጎዳል የሚለው መከራከሪያ እውነት አለው። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ ሐኪም የቤት ኪራይ መክፈል ሲያቅተው የሚያነሳውን ጥያቄ በእስር መመለስ ግን የትኛውንም ታካሚ አያድንም።

ከዚህ ሁሉ ሥር ያለው ገንዘብ ነው። የአፍሪካ መሪዎች በ1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ሊመድቡ ቃል ገብተው ነበር፤ ኢትዮጵያ እዚያ አልደረሰችም። ከሀገሪቱ የጤና ወጪ ሲሶ ገደማው ከታማሚው ኪስ ይወጣል። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ዕርዳታ ሲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ሠራተኞችን ውል አቋርጧል።