የኤክስኤምኤል ጽሑፍ በጃቫ ሲነበብ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

መረጃን በታግ (በ< እና > መሃል በሚጻፍ ስም) ከፋፍሎ የሚያስቀምጠው ኤክስኤምኤል 1.0 መስፈርት ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ የፕሮግራም ቋንቋው ጃቫም ከ2002ቱ 1.4 እትም ጀምሮ የራሱን ፓርሰር (ፋይሉን አንብቦ የሚተነትን ፕሮግራም) ይዞ ይመጣል። ይህ ፓርሰር ምሕረት አያውቅም፤ አንድ ያልተዘጋ ታግ ወይም በጽሑፍ መሃል ብቻዋን የተጻፈች & ንባቡን ታስቆመዋለች። ደግነቱ ስህተቱ ያለበትን መስመርና ዓምድ ይናገራል። ኮድ ከመነካካት በፊት ፋይሉን ከፍቶ እዚያ ቦታ ላይ ማየት ይቀድማል።

«ኮንተንት ኢዝ ኖት አላውድ ኢን ፕሮሎግ» (በመግቢያው ላይ ይዘት አይፈቀድም) የሚለው መልእክት መስመር 1፣ ዓምድ 1 ላይ ከመጣ፣ ከመጀመሪያው < በፊት ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ቦም የሚባለው የማይታይ ምልክት ነው። ፋይሉ በባይት ፍሰት ከተሰጠው ፓርሰሩ ራሱ ይዘለዋል፤ አስቀድሞ ወደ ስትሪንግ (በጃቫ የጽሑፍ እሴት) ከተቀየረ ግን ቦሙ አብሮ ይገባል። ሰርቨሩ በኤክስኤምኤል ፈንታ ጄሶን የተባለውን ሌላ የመረጃ አጻጻፍ ሲመልስም የሚወጣው ይኸው መልእክት ነው።

አማርኛ ሲጨመርበት ችግሩ ይረቅቃል። ዩቲኤፍ-8 በተባለው ኢንኮዲንግ (ፊደልን በባይት የማስቀመጫ ደንብ) እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ፋይሉ በ1,024 ባይት እየተቆረጠ ወደ ስትሪንግ ከተለወጠ 1,024 ለ3 እኩል ስለማይካፈል አንዱ ፊደል መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል፤ በቦታው � ይቀራል። ከጃቫ 18 በፊት በዊንዶውስ ላይ ኢንኮዲንግ ሳይጠቅሱ ስትሪንግን ወደ ባይት መቀየር ደግሞ ፊደሎቹን በሙሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለውጣቸው ነበር። ስህተት እንኳ አይጮኽም፤ የጠፋውም አይመለስም።

ከሁሉ የሚገርመው የታግ ስም ነው። <ስም>አልማዝ</ስም> ትክክል ቢመስልም የጃቫው ፓርሰር አይቀበለውም። የመጀመሪያው መስፈርት የተመሠረተው የዓለም ፊደላት መለያ ዝርዝር በሆነው በዩኒኮድ፣ ግዕዝ ገና ባልገባበት 2.0 እትም ላይ ነበር። የ2008ቱ አምስተኛ እትም ገደቡን ቢያነሳም ጃቫ የሚጠቀምበት ዘርሲስ የተባለው ፓርሰር የቀድሞውን ደንብ ይከተላል። በፋይሉ አናት ላይ ያለውን ቨርዥን 1.0 ወደ 1.1 መቀየር ይበቃል። በታጎቹ መሃል ያለው አማርኛ ግን በ1.0ም ቢሆን ችግር የለበትም።

ፋይሉን ከላይ ወደ ታች ቁራጭ በቁራጭ በሚያነበው ሳክስ በተባለው ስልት ሲነበብ ጽሑፉ ተቆርጦ ከመጣ «ካራክተርስ» የተባለው ዘዴ ለአንድ ታግ ብዙ ጊዜ ሊጠራ እንደሚችል ተዘንግቷል። ቁርጥራጩን በስትሪንግ ቢልደር አጠራቅሞ ታጉ ሲዘጋ ብቻ መጠቀም ነው።