ድሬዳዋ ላይ ኪስ የማይጎዳ ሲም መምረጥ፦ 09 ወይስ 07?

ድሬዳዋ ላይ ሲም ማውጣት ቀላል ነው። ከዚራ ዛፎቹ ሥር፣ አሸዋ መግቢያ ላይ፣ ሳቢያን ባጃጅ የሚቆምበት ጋ ጃንጥላ ዘርግተው ሲም የሚሸጡ ልጆች አይጠፉም። መታወቂያ ትሰጣላችሁ፣ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ ብዙም ሳትቆዩ ቁጥር ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የትኛው ሲም ነው ወሩን ሙሉ ካርድ ካርድ ሳያሰኝ የሚያደርሰው፤ 09 የሚጀምረው የኢትዮ ቴሌኮም ወይስ 07 የሚጀምረው የሳፋሪኮም?

ጥያቄው ራሱ ለእኛ አዲስ ነው። ስልክ ግን ለምሥራቁ ክፍል አዲስ አይደለም፤ የአገሪቱ የቴሌኮም ታሪክ የሚነሳው ከዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 አካባቢ በአፄ ምኒልክ ዘመን የተጀመረው የስልክና የቴሌግራም መስመር ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘ ነበር፤ ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር። ያኔ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ አልነበረችም። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው። ሞባይል እ.ኤ.አ. በ1999 መጣ። የድሮው የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ደግሞ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። ሰው ግን እስከ ዛሬ «ቴሌ» ነው የሚለው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሌላ የሚመረጥ ስላልነበረ ስም መለየትም አያስፈልግም ነበር።

በሩ የተከፈተው በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 ነው። አዋጁ ተቆጣጣሪ የሆነውን የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አቋቋመ። በ2013 ዓ.ም. የኬንያው ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አገኘ፤ ቮዳኮም፣ ቮዳፎንና የጃፓኑ ሱሚቶሞም አሉበት። ከዚያ የመጣው ነገር ለድሬ ልጅ ሁሌም ደስ ይለዋል። አዲሱ ኔትወርክ መጀመሪያ ለደንበኛ የተከፈተው አዲስ አበባ ላይ ሳይሆን እዚህ ድሬዳዋ ላይ ነው፤ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም.። አዲስ አበባ ላይ በይፋ ሥራ የጀመረው መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ 07 የሚጀምር ቁጥር ይዞ የመንገድ ዳር ወሬ ያደረገው መጀመሪያ የእኛ ከተማ ሰው ነው።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ሲመጣ «ሲም ብቻ ነው የገዛችሁት ወይስ ከስልክ ጋር?» ብሎ ይጠይቃል። እንግሊዝ አገር ብዙ ሰው ስልኩን ከኩባንያው በውል ይወስድና በየወሩ እየከፈለ ይጨርሳል። ስልኩን ለብቻ ገዝቶ ሲም ብቻ የሚይዝ ሰው ቆጣቢ ነው ተብሎ ይታያል። እዚያ የራሳቸው የኔትወርክ ምሰሶ የሌላቸው ርካሽ ኩባንያዎችም ሞልተዋል። ጊፍጋፍ የሚባለው ለምሳሌ በኦቱ ኔትወርክ ላይ ነው የሚሠራው። እኛ ጋ ነገሩ ሌላ ነው። ሁላችንም ከጥንት «ሲም ብቻ» ነን። ስልኩን እዚሁ ድሬዳዋ ካለው ታይዋን ከሚባለው ገበያ ወይም ከሰው እጅ እንገዛለን፣ ሲሙን ለብቻ እናወጣለን፣ ካርድ ቀድመን እንሞላለን። የሚመረጠውም ከሁለት ነው፤ ወይ ከኢትዮ ቴሌኮም ወይ ከሳፋሪኮም።

ሁለት ብቻ መሆኑ ምርጫውን የሚያቀል ይመስላል። አያቀልም። ምክንያቱም ዋጋው በሲሙ አይለካም፤ የሚለካው እናንተ በምትኖሩበት ቤትና በምትደውሉላቸው ሰዎች ነው። ይህን ሳያዩ «የእነ እገሌ ርካሽ ነው» ብሎ መሮጥ ብር ያስጨርሳል።

ከቤቱ ልጀምር። ካርታ ላይ ድሬዳዋ ከዳር እስከ ዳር ቀለም ተቀብታ ትታያለች። ካርታው ግን የቤታችሁን ግድግዳ አያውቅም። መጋላ ውስጥ የድሮ ድንጋይ ቤት ያለው ሰው፣ በር ላይ ሙሉ ኔትወርክ እያለው ሳሎን ሲገባ ስልኩ ዝም ይላል። ሐረር ጀጎል ውስጥ ይብሳል። የሐረሪ ቤት ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው፣ መስኮቱም ትንሽ ነው፣ መንገዱም ጠባብ። ፈጣን ኢንተርኔት የሚያመጡት ከፍ ያሉ ሞገዶች ወፍራም ግድግዳ አልፈው ለመግባት ይቸገራሉ፤ ዝቅ ያሉት ናቸው የሚዘልቁት። ስለዚህ የአንዱ ሲም ፍጥነት ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ አንደኛ ሆኖ፣ መኝታ ቤት ውስጥ ግን የሌላው ሊሻል ይችላል። ጎረቤት የሚለውም ሁሌ አይሠራም፤ የእሱ መስኮት ወደ ምሰሶው፣ የእናንተ ወደ ግንብ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መፈተን ነው። የጓደኛ ስልክ ተውሳችሁ፣ ወይም ሲሙን ከትንሹ የቀን ጥቅል ጋር አውጥታችሁ፣ የምትተኙበት ክፍል፣ የምትሠሩበት ቦታ፣ የምትመላለሱበት መንገድ ላይ ሞክሩት። ጠዋት ብቻ አትሞክሩ። ጠዋት ሁሉም ይሮጣል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰውን ቤት ሲያስገባው፣ በርጫ ላይ ሁሉም ስልኩን ይዞ ሲቀመጥ፣ ከዚያም ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፤ ትክክለኛው ፈተና ያን ጊዜ ነው። መብራት ሲጠፋም እዩት፤ ምሰሶውም መብራት ይፈልጋል። ወደ ሐረር የምትመላለሱ ከሆነ ደንገጎ ላይ ተራራው ሞገዱን ስለሚጋርደው ሁለቱንም ሲም መንገዱ ላይ አወዳድሩ። መልካ ጀብዱ ወይም ኢንዱስትሪ ፓርኩ ጋ የሚሠራ ሰውም መሀል ከተማ ባየው ብቻ አይወስን።

ስልኩም ራሱ ይፈተሽ። ከታይዋን የሚገዛ ቀፎ ለሌላ አገር ገበያ ተብሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ እዚህ የሚሠራበትን የፎርጂ ሞገድ አይዝም። «ይሄ ሲም ቀርፋፋ ነው» ተብሎ ስንት ሲም ተጥሏል፤ ጥፋቱ ግን የቀፎው ነበር። ከመግዛታችሁ በፊት ሲሙን ሻጩ ፊት ቀፎው ውስጥ ክተቱና ቪዲዮ ክፈቱ። የድሬ ነጋዴ ለዚህ አይከፋም።

ቀጥሎ የምትደውሉላቸው ሰዎች። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ነበረው፤ ሳፋሪኮም ወደ 10 ሚሊዮን። ይህ ማለት እናታችሁ፣ የዕቁቡ ዳኛ፣ የልጃችሁ አስተማሪ፣ ባለሱቁ፣ በአብዛኛው 09 ላይ ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው መደወል ይቻላል፤ ችግሩ ጥቅሉ ላይ ነው። አንዳንድ የድምፅ ጥቅል ወደ ራሱ ኔትወርክ ብቻ ነው የሚሠራው። ወደ ሌላው ስትደውሉ ደቂቃው እያለ ከዋናው ሂሳብ ይቆርጣል። ሌላው ደግሞ ወደ ሁሉም ይሠራል። ስሙ ላይ «ሁሉም ኔትወርክ» የሚል ከሌለ ጠይቁ። አቦ፣ ይህችን አንዷን ጥያቄ ባለመጠየቅ የሚባክነው ብር ያሳዝነኛል፤ በተለይ ከቀን ሥራው ላይ 10 እና 20 ብር እየቆነጠረ ካርድ ለሚሞላ ሰው።

ልጆቹ ዓረብ አገር ያሉበት ቤት ደግሞ ስሌቱ ሌላ ነው። ድሬ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነው። ከጅዳ፣ ከዱባይ፣ ከጅቡቲ የሚመጣው ጥሪ በኢሞ ወይም በዋትስአፕ ነው። እዚያ ቤት የድምፅ ደቂቃ ብዙም ዋጋ የለውም። ዳታ ነው የሚያስፈልገው፣ ያውም ምስል ሳይቆራረጥ የሚያሳይ ዳታ።

ዳታ ላይ ሰው የሚታለልበት ቦታ የቀኑ ቁጥር ነው። ለስሌት ያህል፣ አንድ ጊጋ በ30 ብር ለ1 ቀን፣ አንድ ጊጋ በ60 ብር ለ30 ቀን ቢቀርብላችሁ የመጀመሪያው ርካሽ ይመስላል። በቀን ሙሉውን የምትጨርሱ ከሆነ እውነትም ርካሽ ነው። በቀን መቶ ሜጋ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ዘጠኝ መቶው በማግስቱ ይጠፋል፤ በወር ሲደመር 900 ብር ከፍላችሁ 3 ጊጋ ብቻ ተጠቀማችሁ ማለት ነው። ባለ 60ው ሦስት ጊዜ ቢገዛ 180 ብር ነበር። የቀን ጥቅል 24 ሰዓት ይቆጥራል ወይስ እኩለ ሌሊት ላይ ያልቃል የሚለውንም አንብቡ። የሌሊት ጥቅል ርካሽ ነው፤ ጥሩነቱ ግን ለሚያመሽ ተማሪና ፊልም ለሚያወርድ ሰው ነው። ለቴሌግራም ወይም ለቲክቶክ ብቻ ተብሎ የሚሸጥም አለ። እሱን ገዝታችሁ ዩቲዩብ ከከፈታችሁ ከሌላ ኪስ ነው የሚወጣው።

ከሁሉም ውድ የሆነው ያለ ጥቅል ዳታ ማብራት ነው። ጥቅሉ አልቆ ዳታው ክፍት ከቀረ የሞላችሁት ካርድ ሳታዩት ያልቃል። እኔ አንድ ጊዜ ከዚህም የባሰ ገጥሞኛል። ለሁለት ወር ያህል በየማለዳው ጥቂት ሳንቲም ከሂሳቤ ይጎድል ነበር። ለካ ባለ አራት አሃዝ አጭር ቁጥር ጥቅስና ዜና እየላከ ሲቆርጥብኝ ኖሯል፤ መቼ እንደተመዘገብኩ እንኳን አላውቅም። ስሙን አልጠቅስም። ተናደድኩ፣ ግን ተማርኩ። እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ ለዚያው ቁጥር «ስቶፕ» ብሎ መላክ፣ ካልቆመ ደንበኛ አገልግሎት መደወል ነው። ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለሳፋሪኮም 700። ሁለቱም ጋ ከአማርኛ ሌላ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ያናግራሉ፤ ለድሬ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀሪ ሂሳብ በቴሌ *804# ላይ ይታያል፣ ጥቅሉ *999# ላይ ነው። የሳፋሪኮሙ ዝርዝር *777# ላይ ይወጣል። ስለ ዋጋ ከማንም ሰው ወሬ ይልቅ እነዚህን ማየት ይሻላል፤ ታሪፍ ይቀያየራል። በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ቴሌ የድምፅ ዋጋ 40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔት 43 በመቶ ቀንሶ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ዋጋ ወደ ላይ ሄደ። የዛሬ ዓመት የሰማችሁት «ይሄኛው ይረክሳል» ዛሬ ላይሠራ ይችላል።

ገንዘቡም ከሲሙ ጋር ተጣብቋል። ቴሌብር የተጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፤ የሳፋሪኮሙ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወደ እኛ መጣ። ባጃጅ የሚነዳ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ከግንቦት 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ነው የሚቀዳው፣ ማደያው ላይ ብዙ ሰው የሚከፍለውም በቴሌብር ነው። የባንክ መልእክትም፣ የይለፍ ቁጥርም የሚመጣው በተመዘገባችሁበት ስልክ ነው። እስካሁን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞሩ ያየኋቸው የእኛ ሰፈር ሰዎች ሁሉ አዲስ ቁጥር ነው የያዙት። የድሮውን ሲም አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ መጣል ግን አደጋ ነው። ለብዙ ወራት ካርድ ያልገባበት፣ ያልተደወለበት ሲም ይዘጋል፣ ቁጥሩም ለሌላ ሰው ይሰጣል። የባንክ ሂሳባችሁ የታሰረበት ቁጥር በማታውቁት ሰው እጅ ገባ ማለት ነው። ቢያንስ አልፎ አልፎ ደውሉበት። ሲሙንም በራሳችሁ መታወቂያ አውጡት። በሰው ስም የወጣ ሲም ቢጠፋ መተካት ጣጣ ነው።

እኔ የምመክረው ሁለቱንም መያዝ ነው፣ ብዙ የድሬ ሰውም ይህን ነው የሚያደርገው። ቀፎው ሁለት ሲም ይይዛል። የቆየው ቁጥር፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው 09፣ ለጥሪና ለገንዘብ ይቀመጣል። ዳታው ደግሞ ቤት ውስጥ ተፈትኖ በተሻለው ላይ ይገዛል። ይህ 07 ሊሆን ይችላል፤ 09 ራሱ ሆኖ ሊገኝም ይችላል፣ ያን ጊዜ ሁለተኛው ሲም አያስፈልግም። የሁለቱንም ጥቅል በአንድ ወር መግዛት ግን ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ተማሪ ከሆናችሁ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ዋይፋይ ካለ የወር ጥቅል ከመግዛት ሳምንታዊ ይበቃል። አንድ ላይ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ አንዳችሁ ትልቅ ጥቅል ገዝታችሁ በሆትስፖት ተካፈሉ፣ ትልቁ ጥቅል በጊጋ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል።

እናቴ ገንደ ቆሬ ናት። እኅቴ ሪያድ ናት፣ ማታ ማታ በኢሞ ትደውላለች። እናቴ ቤት ውስጥ ሁለቱን ሲም ለሁለት ሳምንት ሞከርን፣ ሁለቱንም ሳሎንም ግቢም። ግቢ ውስጥ ሁለቱም ይሠራሉ፣ ሳሎን የሚደርሰው ግን አንዱ ነው። እሱ ላይ የወር ዳታ ገዛንላት፣ 09ኙን ለዕቁብና ለቴሌብር ተውንላት። አሁን እኅቴ ስትደውል ወንበሯን ይዛ ወደ በሩ መውጣት ቀርቶላታል።