ገጣሚ ሲባል ሰው የሚያስበውና እኛ ደሴ ላይ የምንኖረው

ባለፈው የአጎቴ ልጅ ሰርግ ላይ አንድ ዘመዳችን መጽሐፌን ተቀብሎ ገለጥ ገለጥ አደረገና «ጎሽ፣ እንግዲህ መጽሐፍ ካሳተምሽ ሀብታም ሆነሻላ» አለኝ። ከልቡ ነው፣ ደስ ብሎታል። እኔ ደግሞ ለዛችው መጽሐፍ የተበደርኩትን ገና ከፍዬ አልጨረስኩም ነበር። ሰርግ ቤት ስለሆነ ስቄ አለፍኩት ግን ቤት ስገባ ሲከነክነኝ አደረ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ፣ ቀን የሰው ማመልከቻና መመረቂያ ጽሑፍ ስተይብ እውላለሁ፣ ማታ ግጥም ነው። ከስድስት ጓደኞቼ ጋር ሆነን የራሳችንን መጽሐፍ በራሳችን እናሳትማለን። ቤቴ የሚገባው ሰው ሁሉ ስለ ገጣሚ የሚያወራው ተመሳሳይ ስለሆነ ደጋግሜ የሰማሁትን አንድ በአንድ ላንሳው።

«ወሎዬ ሲወለድም ገጣሚ ነው»

ይሄን የሚሉን ሊያደንቁን ነው፣ ይገባኛል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ሲባል አራቱም ቅኝት ከወሎ ጋር ነው ስማቸው የሚነሳው፣ ባቲና አምባሰል እንደውም የቦታ ስም ናቸው፣ ወዳጃ ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ ዱአ በሚያደርግበት፣ መንዙማ እየሰማ ያደገ ልጅም ጆሮው ቀድሞ ይከፈታል። ግን ጆሮ መከፈት ሌላ መግጠም ሌላ ነው።

ዋድላን እዩ፣ ሰሜን ወሎ ያለውን፣ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ከታላላቆቹ የቅኔ ቤቶች የሚቆጠረውን። ቅኔ ቤት ተማሪው ከጉባኤ ቃና፣ ማለት ከሁለት ቤቷ፣ ነው የሚጀምረው፣ ብቻውን ራቅ ብሎ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውልና የኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል፣ ካልሆነ ያርሙታል፣ በነጋታው ሌላ ይዞ ይመጣል። እንዲህ እያለ ዓመታት ይሄዳል። በሌላ በኩል ደግሞ ሸህ ጦልሃ ጃዕፈር አሉ፣ አማርኛውን መንዙማ በአረብኛ ፊደል፣ አጀም በሚባለው፣ የጻፉት፣ እሳቸው ትልቅ ዓሊም ናቸው፣ በቂርአት፣ በሃይማኖት ትምህርቱ፣ ያደጉ ሰው። ወሎን ወሎ ያሰኘው ግጥም በቤተክርስቲያኑም በመስጊዱም በኩል ከትምህርት ነው የወጣው፣ በደም የወረደ አይደለም።

ለምን ይሄን ያህል ያንገበግበኛል መሰላችሁ፣ ሁለት ልጆች እኔ ጋ መጥተው ነበር፣ የአስራ ሰባት የአስራ ስምንት ዓመት ልጆች፣ ጥሩ ጥሩ መስመር ያላቸው። ወሎዬ ስለሆንን ይመጣልናል ብለው ነው የጀመሩት፣ ሦስተኛው ወር ላይ አልመጣ ሲላቸው «እኛ የለንም ማለት ነው» ብለው ሁለቱም ተዉት። ማንም ለፍታችሁ ነው የምታመጡት አላላቸውማ።

«ግጥም ሲመጣ ነው እንጂ ተቁሞ ተቀምጦ አይሰራም»

ይመጣል አዎ፣ የመጀመሪያዋ መስመር ትመጣለች። ከዛ በኋላ ያለው ሥራ ነው። እስቲ አንዱን ላሳያችሁ። የክረምት ቀን ነው፣ ጉሙ ከጦሳ፣ ከደሴ በላይ ካለው ተራራ፣ ወርዶ ከሱቄ በር ላይ ሆኜ ማዶ ያለው ህንጻ አይታየኝም፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

የጦሳ ተራራ ጉሙ ዛሬ ወርዶ፣
ከተማው በሙሉ ጠፋብን ተጋርዶ።

ቤት ይመታል፣ የወል ቤት የሚባለው ነው፣ እያንዳንዱ መስመር ለሁለት ተከፍሎ ስድስት ስድስት ቀለም፣ ማለት ክፍለ ቃል፣ ሆኖ ሳይደናቀፍ ይነበባል። ደስ ብሎኝ እሁድ ስንገናኝ አነበብኩት። ከመሃላችን አንዱ ልጅነቱን ቅኔ ቤት ያሳለፈ ነው፣ ዝም ብሎ ሰማኝና «ጦሳ ካልሽ በኋላ ተራራ ለማን ነው የምትነግሪው? ዛሬስ ምን ይሰራል? ደሞ ወርዶም ተጋርዶም አንድ ነገር ነው፣ ሁለት መስመር በአንድ ነገር ጨርሰሻል» አለኝ። ተናደድኩ፣ አልዋሽም፣ ማታ ግን ቁጭ ብዬ ሳየው ልክ ነው። ተራራን አወጣሁት፣ ዛሬን አወጣሁት፣ በሙሉን አወጣሁት፣ ሁለቱ መስመር አንድ ሆነና «የጦሳ ጉም ወርዶ ከተማው ጠፋበት» ብቻ ቀረ። አሁን አንድ መስመር ሙሉ ባዶ ቦታ አለኝ። ያ ባዶ ቦታ ነው አስራ አንድ ቀን የፈጀብኝ። ፎቶ ኮፒ እያደረግኩ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ሽሮ እያማሰልኩ፣ «በት» በሚል የሚያልቅ ነገር ስፈልግ። በመጨረሻ ልጅ ሆኜ ጉም ሲወርድ እናቴ ከደጅ ሆና ስማችንን እየጠራች ወደ ቤት የምታስገባን ትዝ አለኝ፦

የጦሳ ጉም ወርዶ ከተማው ጠፋበት፣
በናቴ ድምፅ ብቻ መንገድ ተገኘበት።

ሁለት መስመር፣ አስራ አንድ ቀን። ልጁ ሲሰማው «አብሽሪ፣ አሁን ግጥም ሆነ» አለኝ። ግጥም ሲመጣ ነው የሚጻፈው የሚል ሰው ይሄን አስራ አንድ ቀን አያየውም፣ መጽሐፉ ላይ የታተመችውን ሁለት መስመር ነው የሚያየው።

«መጽሐፍ ያሳተመ ማተሚያ ቤት ከፍሎት ነው፣ በራሱ ገንዘብ ያሳተመ ደግሞ ግጥሙ ስለማይረባ ነው»

ማተሚያ ቤት ለደራሲ አይከፍልም፣ ደራሲው ነው ለማተሚያ ቤት የሚከፍለው። ከፍሎ የሚያሳትም አሳታሚ ሌላ ነው፣ እሱም አገራችን ውስጥ ጥቂት ነው፣ ያሉትም ለግጥም አይቸኩሉም። ስለዚ እዚህ አገር በራስ ገንዘብ ማሳተም ከግጥሙ ጥንካሬ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፣ ጎበዙም ሰነፉም ያችኑ በር ነው የሚያንኳኳው።

እኛ እንዴት እንደምናደርግ ልንገራችሁ። ዕቁብ ነው። ሰባት ነን፣ በወር ሁለት ሁለት ሺህ ብር እንጥላለን፣ ዕጣ የምናወጣው በየስድስት ወሩ ነው፣ ስለዚ ለባለዕጣው 84,000 ብር ይደርሰዋል፣ በሱ ያሳትማል። ሁላችንም አንድ አንድ ጊዜ እስኪደርሰን ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ አይሞላም፣ ወረቀት ከውጭ ስለሚገባ ዶላር በተነቃነቀ ቁጥር ዋጋው ይነቃነቃል፣ ዕጣው የወጣ ቀን የጠየቅነው ዋጋ ፋይሉን ይዘን ስንሄድ ሌላ ሆኖ ይጠብቀናል። የጎደለውን ባለዕጣው ተበድሮ ይሞላል። የኔም ዕዳ እሱ ነው።

ደሞ ሰው የማያውቀው፣ ትንሽ ማሳተም ርካሽ አይደለም። በኦፍሴት ስታሳትሙ የፕሌቱ፣ ማለት የማተሚያ ሰሌዳው፣ እና የማሽን ማዘጋጃው ወጪ መቶም ታተመ ሺህም ታተመ ያው ነው፣ ስለዚ ኮፒው ባነሰ ቁጥር ለአንዱ መጽሐፍ የሚደርሰው ወጪ ይከብዳል። ለዛ ነው ከስልሳ ገጽ ብዙም የማታልፍ የግጥም መድበል ዋጋዋ ሰውን የሚያስደነግጠው። ገጹም እንደፈለግን አይደለም፣ አንዱ ትልቅ ወረቀት ሲታጠፍ 16 ገጽ ነው የሚሰጠው፣ 64 ገጽ ከሆነ አራት ወረቀት ልክ ገጥሞ ያልቃል፣ 66 ከሆነ ግን ለሁለት ገጽ ብላችሁ ሌላ ወረቀት ትከፍታላችሁ። ብዙ ግጥም በዚህ ምክንያት ከመጽሐፍ ወጥቷል፣ መጥፎ ስለሆነ አይደለም።

መተየቡ ራሱ ሥራ ነው። በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ይዘው የሚመጡ አሉ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ስከፍተው ሙሉ ግጥሙ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ቁጭ ይላል፣ እንደ አዲስ መተየብ ነው። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ በየገጹ ሲቀያየሩ ማስተካከል አለ፣ ረጅም መስመር ገጹ ጠብቦት ሲታጠፍና ቤቱ የማይመታ ሲመስል እሱን ማስተካከል አለ። አራሚ የሚባል ሰው አንቀጥርም፣ አንዳችን የአንዳችንን ጮክ ብለን እያነበብን ነው የምናርመው፣ ዓይን ያለፈውን ጆሮ ይይዘዋል።

ሽያጩ ላይ ስትደርሱ ደግሞ መጽሐፍ ቤቱ የሚወስደው አስቀምጡ ተብሎ ነው፣ ሲሸጥ የራሱን ድርሻ ቀንሶ ይሰጣችኋል፣ እስኪሸጥ መጠበቅ ነው፣ አዟሪውም እንደዛው። እውነተኛው ሽያጭ የምረቃው ቀን ነው። የኔን 400 ኮፒ አሳትሜ የምረቃው ቀን ብቻ 130 ሄደ፣ ከዛ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ሙሉ ግን 90 እንኳን አልሞላም። የቀረው አልጋዬ ስር ነው።

«እውነተኛ ገጣሚ ሌላ ሥራ አይሰራም»

ደበበ ሰይፉ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሰዓሊ ነበር፣ ሥዕል ትምህርት ቤትም አስተምሯል። ከበደ ሚካኤል የመንግሥት ሥራ ላይ የኖሩ ሰው ናቸው። እነሱን እውነተኛ ገጣሚ አይደሉም የሚል ካለ ይንገረኝ። ከኛ ሰባት ውስጥ ሁለቱ አስተማሪ ናቸው፣ አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ ሰኞ ገበያ ጨርቅ ይሸጣል። ጨርቅ ሻጩ ነው ከሁላችንም በላይ የሰው አነጋገር የሚሰበስበው፣ ቀኑን ሙሉ ከገጠር የሚመጣ ሰው ሲከራከር ይሰማላ።

«አይ ኤስ ቢ ኤን ከወጣለት ማንም አይነካውም፣ ካልተመዘገበ ደግሞ የማንም ነው»

ሁለቱም ስህተት ነው። አይ ኤስ ቢ ኤን ከወመዘክር፣ ከብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ የሚወጣ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ነው፣ መጽሐፍ ቤትና ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉን እንዲለዩት ነው፣ መብት አይሰጥም። መብቱን የሚሰጠው የቅጂ መብት አዋጁ፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፣ ሥራው የራስሽ ከሆነና ወረቀት ላይም ሆነ ድምፅ ላይ ተቀርጾ ከተቀመጠ ከዛች ደቂቃ ጀምሮ ያንቺ ነው፣ ሳይመዘገብም፣ ሳይታተምም። በሕይወት እስካለሽ ይጠበቃል፣ ከሞት በኋላም 50 ዓመት ለወራሽ። ማስመዝገብ ይቻላል፣ ክርክር ሲመጣ ማስረጃ ይሆናል፣ ግን መብቱ ከምዝገባ አይጀምርም።

ስለዚ ሙሉ መጽሐፍ ስካን አድርጎ ፒዲኤፉን ቴሌግራም ላይ መበተን «እያስተዋወቅኩልሽ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። እኔ ፒዲኤፍን አልጠላም፣ በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤት ዘግተን ስንወጣ ኮምፒውተሬ እዛው ቀረ፣ ስንመለስ የለም፣ የግጥሞቼ ፋይል የተገኘው ለአንዲት ጓደኛዬ ልኬላት ስልኳ ላይ ስለነበረ ነው። ግን እሷ አስቀምጣ ሰጠችኝ፣ አልበተነችውም። አንድ ግጥም ወደዳችሁ? ስም ጠቅሳችሁ አጋሩት፣ ደስ ነው የሚለን። ሙሉውን ስትበትኑት ግን የቀጣዩን ባለዕጣ ብር ነው የምትነኩት።

«ሳይፈቀድ ግጥም አይታተምም»

ይሄ ከድሮው ሳንሱር የቀረ ፍርሃት ነው፣ ትልልቅ ሰዎች አሁንም በጆሮዬ ያንሾካሹኩልኛል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሳንሱርን በማንኛውም መልኩ ከልክሏል። ከታተመ በኋላ በሕግ የሚያስጠይቅ ነገር ካለ እሱ ሌላ ነው።

«አዲስ አበባ ካልሄድሽ ማን ያውቅሻል»

400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መጽሐፋችን በካርቶን ሆኖ መናኸሪያ በአውቶብስ ይሄዳል፣ ይሸጣልም። ግን እዚህ ያለውን ነገር እዛ አላገኘሁትም። አንድ ቀን የማላውቃት ሴትዮ ሱቄ ገብታ ማመልከቻ አስተየበችኝ፣ ሂሳብ ስትከፍል «የጉሟ ግጥም ያንቺ ናት አይደል? እናቴ እኮ እንደዛው ነበር የምትጠራን» አለችኝና የአራት ልጆች ስም እናትየው ስትጠራ በነበረበት ዜማ አሰማችኝ፣ ሱቁ ውስጥ ተራ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ዝም አለ። ሂሳቡን አልቀበልም ብላት እሺ አላለችኝም።

ባለፈው እሁድ ዕጣው ለነርሷ ወጣ። 71 ግጥም ይዛ መጥታለች፣ 64 ገጽ ላይ ማስገባት አለብን፣ ርዕሱና ማውጫው ሲቀነስ ቢያንስ አስራ ሁለቱ መውጣት አለባቸው። አንዱንም አልለቅም ብላለች። ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ ሱቄ ትመጣለች፣ ጮክ ብለን እያነበብን እንጀምራለን።