አደጋ ቦታ ላይ አዛዡ ማን ነው?

እሳት ሲነሳ ወይም ሕንጻ ሲደረመስ ከዳር ቆሞ የማይተች የለም። "እነዚህ ደግሞ ቆመው ያያሉ እንዴ?" "አለቃቸው የት አለ?" አብዛኛው ትችት አሠራሩን ካለማወቅ የሚመጣ ነው። በአሜሪካ ተጀምሮ ዛሬ ብዙ አገሮች የሚጠቀሙበትን የአደጋ ዕዝ ሥርዓት (አደጋ ቦታ ላይ ማን ማንን እንደሚያዝ የሚወስን አሠራር ነው) ይዘን፣ ደጋግመው የሚነሱትን አባባሎች እንያቸው።

"ትልቁ ባለሥልጣን ሲደርስ አዛዡ እሱ ነው"

አይደለም። ዕዙ የሚጀምረው መጀመሪያ በደረሰው ቡድን መሪ ነው፤ ልጅ እግር ቢሆንም። የበላዩ ሲመጣ መጀመሪያ ሁኔታው ይነገረዋል። ከፈለገ በግልጽ ይረከባል፣ ርክክቡም በራዲዮ ይነገራል። የያዘው ሰው በደንብ እየሠራ ከሆነ ሊተውለትም ይችላል።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ፔንታጎን ሲመታ የሆነው ይኸው ነው። ሕንጻው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ነው፣ ውስጡ ጄኔራል በጄኔራል ነው። ወንጀሉን የሚመረምረው ኤፍ.ቢ.አይ.ም እዚያው ነበር። የአደጋው አዛዥ ግን የአርሊንግተን እሳት አደጋ ምክትል ኃላፊ ጄምስ ሽዋርትዝ ነበር። አዎ፣ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት አርሊንግተን፤ ፔንታጎን ያለው እዚያ ነው። ከጠዋቱ 3፡55 በእነሱ አቆጣጠር 9፡55 ላይ ሕንጻው ሊደረመስ ነው ተብሎ ሁሉም ከተመታው ክፍል እንዲወጣ ታዘዘ። 2 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ያ ክፍል ወደቀ። ከአደጋ ሠራተኞቹ በመደርመሱ የተጎዳ አልነበረም። ያ ትዕዛዝ የማን ነው ተብሎ ክርክር ቢነሳ ኖሮ 2 ደቂቃው ያልቅ ነበር።

"ሰው በበዛ ቁጥር ሥራው ይፈጥናል"

ይሄኛው ሰው ያስጨርሳል። በዚህ ሥርዓት አንድ መሪ የሚመራው ከ3 እስከ 7 ሰው ነው፤ 5 ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ካለፈ ቡድኑ ይከፈላል። እያንዳንዱ ሠራተኛም ትዕዛዝ የሚቀበለው ከአንድ አለቃ ብቻ ነው። ጥግ ላይ ቆመው የምናያቸውና "ሥራ ፈቶች" የምንላቸው ብዙ ጊዜ ተራቸውን የሚጠብቁ ናቸው። ሳይመደብ ዘሎ የገባን ሰው ግን ውስጥ ካሉት ጋር የሚቆጥረው የለም። በዚያው በሴፕቴምበር 11 ኒውዮርክ ውስጥ ተረኛ ያልሆኑ እሳት አጥፊዎችም እየሮጡ ገብተው ነበር። ጀግንነታቸው አያጠያይቅም፤ ውስጥ ማን እንዳለ ማወቅ ግን ከባድ ሆነ።

"ችግሩ ሁሌ የመኪናና የውሃ እጥረት ነው"

እጥረትማ አለ፣ እኛ አገር ደግሞ ማን ያጣዋል። ሥርዓቱ የተወለደው ግን ከሌላ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ካሊፎርኒያ ላይ ለ13 ቀናት የዘለቀ ሰደድ እሳት 16 ሰው ገደለ፣ ከ700 በላይ ሕንጻዎች ወደሙ። በኋላ ሲጠና ጎልቶ የወጣው የቅንጅት ችግር ነበር። የየመሥሪያ ቤቱ ራዲዮ አይገናኝም፣ ለአንድ ነገር ሁለት ስም አለ፣ ዕቅዱም የየራስ ነው።

"በራዲዮ የሚያወሩት በምስጢር ኮድ ነው"

ፖሊሶች የቁጥር ኮድ ይወዳሉ። ግን አንዱ ቁጥር እዚህና ጎረቤት ከተማ ሌላ ሌላ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ብዙ መሥሪያ ቤት ሲገናኝ ደንቡ በተራ ቋንቋ ማውራት ነው።

"ይህ የእሳት አጥፊዎች ጉዳይ ነው"

ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገለጽ፣ የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ምላሹን የሚመራው በዚሁ ዓይነት አደረጃጀት ነበር። የሥርዓቱ ክፍሎች አምስት ናቸው፦ ዕዝ፣ ኦፕሬሽን፣ ዕቅድ፣ ሎጂስቲክስና ፋይናንስ። በትንሽ አደጋ አንድ ሰው ሁሉንም ደርቦ ይይዛል። ፋይናንሱ ብዙዎችን ያስቃል፤ ሦስተኛው ቀን ላይ የነዳጁንና የምግቡን ሒሳብ የሚጠይቅ ሲመጣ ግን ሳቁ ይቆማል።

"አዛዡ የተናገረው የመጨረሻ ነው"

ከሞላ ጎደል። ከአዛዡ ሥር የደኅንነት ኃላፊ የሚባል ሰው አለ። ሠራተኛ ሊሞት ነው ብሎ ካየ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ሥራውን እዚያው የማስቆም ሥልጣን አለው።